የአባቴ ልብና የእድሩ ብረት

ከብረቱ ልጀምር። ብረቱን ያላወቀ ሰው የእድራችን ሊቀመንበር ለምን እንዲህ እንደመረሩኝ አይገባውም።

የእድራችን ድንኳን ዛሬ በየሰርጉ በኪራይ እንደሚተከለው ቀላል ድንኳን አይደለም። ምሰሶዎቹ ወፍራም የውሃ ቱቦ ናቸው። የክር ፋብሪካው ሠራተኞች በአንድ ወቅት ከተጣለ ብረት ቆርጠው የበየዷቸው ሲሆኑ፣ ከበያጆቹ አንዱ አባቴ ነበር። አንዱን ምሰሶ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ዕቃ ቤቱ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው፤ ከዚያ እስከ ሰፈራችን ያለው መንገድ ዳገት ነው። ሰው ሲሞት ማለዳ ጥሩምባ ይነፋል። ዕድሜው ከስድሳ አምስት በታች የሆነ ወንድ አባል ሁሉ ወጥቶ ብረት ይሸከማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ይሸኛል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የቀረ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። ስሙ የወጣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ብረቱም ከዕቃ ቤት አይወጣለትም። አቃቂ ውስጥ፣ የፋብሪካ ሰው በሞላበት ሰፈራችን፣ እንዲህ ያለው ቀብር ከሞቱ ይብሳል።

አባቴ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጉበቱ ታሞ ነበር።

ሰፈሩ «የወፍ በሽታ» ነው ያለው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ወፍ በላዩ በርራበት ነው ይባላል። እኔ ኮዬ ፈጬ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ወፍ እንደሌለበት ለጎረቤት ሁሉ አንድ በአንድ አስረድቻለሁ። ቫይረስ ነው። ምናልባት ከልጅነቱ ጀምሮ በደሙ ውስጥ ኖሯል። ጉበቱን ቀስ እያለ አቆሰለው፣ ቁስሉ ጠባሳ ሆነ፣ በመጨረሻ ጉበቱ ፀሐይ ላይ እንደ ከረመ የጫማ ቆዳ ደረቀ። ደም በጠባሳ ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይታመቃል፤ ሆድም ውሃ ይቋጥራል። የአባቴ ሆድ እየተነፋ፣ ሆስፒታል እየሄደ እየተቀዳለት፣ መልሶ እየተነፋ ነበር።

አባቴ የሚጠጣው ለገናና ለፋሲካ አንድ አንድ ጣሳ ጠላ ነበር። ሆዱ ሲነፋ ግን «ጠጥቶ ነው» የሚለው ወሬ ከጥሩምባው ፈጥኖ ሰፈሩን አዳረሰ። ወሬውን ማን እንደጀመረው አውቃለሁ።

ሊቀመንበሩ በፋብሪካው የፈረቃ ተቆጣጣሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ቢወጡም ከፈረቃቸው አልወጡም። መዝገቡን በብብታቸው ይዘው፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኮታቸው ኪስ ሰክተው፣ በየቀብሩ ስም ይጠራሉ። የቀረ ሰው ስም አጠገብ ቀይ መስቀለኛ ምልክት ያደርጋሉ። እሳቸው ራሳቸው ስድሳ አምስትን ስላለፉ ብረት አይነኩም። በአንቱታ የምጽፋቸው አክብሬያቸው አይደለም። አባቴ ከራሱ በቀር ታላቅን «አንተ» ማለት አላስተማረኝም፤ ልማዱን ልተወው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሆዱ በተቀዳባቸው ሳምንታት ሁለት ቀብር አመለጠው። ሁለት ቀይ ምልክት ተደረገበት።

«ማስረጃ ያምጣ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ሁሉም ሆዴን ሆዴን ካለ ሬሳ ማን ሊያነሳ ነው?»

ማስረጃ ነበረኝ። የአባቴ ሐኪም፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት «የጉበት ሕመም ሲገፋ ልብንም ይነካል፤ ልባቸውን እንየው» ብላ የልብ አልትራሳውንድ አስነስታው ነበር። ወረቀቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእድሩ በአማርኛ ልጻፍላቸው ብዬ ተነሳሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በስተግራ የአካል ክፍሉ፣ በስተቀኝ የተገኘው ውጤት። ጉበት፦ ጠባሳ። ጣፊያ፦ ያበጠ። ሆድ፦ ውሃ የቋጠረ። ልብ፦ ጤናማ። ሲያልቅ ከፍ አድርጌ አየሁትና ደስ አለኝ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ ግቢ ስብሰባ ተደረገ። አባቴ ጋቢውን ሆዱ ላይ ደራርቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«ጉበት፦ ጠባሳ።» ቀና አሉ። «ጉበት እኮ በዳጣ ነው የሚበላው!»

ግቢው ሳቀ።

«ጣፊያ፦ ያበጠ። ሆድ፦ ውሃ የቋጠረ። ውሃ ነው እንግዲህ የምትለው ቲቸር!» ዳግመኛ ሳቅ። «ልብ፦ ጤናማ።» ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ። «ተመስገን ነው! ልቡ ጤናማ ነው፤ ልጁ በገዛ እጇ ጽፋዋለች። ሰው ብረት የሚሸከመው በልቡ ነው በጉበቱ?»

«ጋሼ፣ ጉበት ማለት እኮ...» ብዬ ተነሳሁ።

«ክላስ ነገ ነው፣ ቲቸር። ዛሬ እሁድ ነው።»

በጣም ተሳቀ። አባቴም ሳቀ። እንዳይከፋቸው ብሎ፣ ከእነሱ ጋር ለመሆን ብሎ፣ ጉልበቱን ገጥሞ ሆዱን በጋቢ እየሸፈነ ሳቀ። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት ያን ሳቅ ነው።

ማስረጃው ውድቅ ሆነ። ሦስተኛ ከቀረ ስሙ ይወጣል ተባለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ዕቃ ቤቱ ጋ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። በበሩ ስንጥቅ የምሰሶዎቹ ጫፍ ይታያል።

«እነዚህን የበየድኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያለ እነሱ እቀበራለሁ?»

«ማን እንዲህ አለህ አባዬ! ማንም አይሰርዝህም።»

«መዝገቡ እኮ ያለው እሳቸው ጋ ነው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ጥሩምባው ተነፋ። ከበላያችን የሚኖሩ አንዲት እናት አርፈው ነበር። እኔ የሚኒባስ ሰልፍ ለመያዝ ልወጣ ስል አባቴ አልጋው ላይ ነበር። «አትወጣም» አልኩት። «ኧረ ወዴት እወጣለሁ፣ ተኝቼ ነው የምውለው» አለኝ፤ ዓይኑን ጨፍኖ።

ተነስቶ ሄደ። ከዚያ የሆነውን የነገረኝ ሆስፒታል ያደረሰው የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ነው። አባቴ የመጀመሪያውን ምሰሶ ከፊት በኩል ያዘ። ከኋላ የያዘው ሰው «ይተዉት ጋሼ» ቢለው «ዝም ብለህ ተሸከም» አለው። ዳገቱን እስከ ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩ ከሟች ቤት ደጃፍ ቆመው መዝገቡን ገልጠው ጠበቁትና «አያችሁ? ልቡ ጤናማ ነው አላልኳችሁም!» አሉ። አባቴ ምሰሶውን ጉድጓዱ ውስጥ አቆመ፣ አፈር እንዲጠቀጥቁት በእጁ አሳየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። አየር የሚስብ እንጂ አየር የሚያገኝ አይመስልም ነበር አለኝ ባለ ባጃጁ።

ስልኩ የደረሰኝ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ከኮዬ ፈጬ እስከ ሆስፒታሉ ሁለት ሚኒባስ ቀያየርኩ። ስደርስ ኦክሲጅን ተደርጎለት፣ ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። ሐኪሟ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

«ብረት አሸከማችኋቸው?» አለችኝ።

«ልቡ ጤናማ ነው ተብሎ...» አልኩ።

ያስረዳችኝ ቀስ ብላ ነው። የጉበት ሕመም ሲገፋ በሰውነት ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ይሰፋሉ። ልብ ደም ሲገፋ የሚከለክለው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ሥራው ይቀለዋል፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ብዙ ይረጫል፣ በማሽን ሲታይ እንዲያውም ጎበዝ ይመስላል። ግን ጡንቻው ከውስጥ ደክሟል፤ ድካሙ የማይታየው ጭነት ስለሌለበት ነው። ኢንፌክሽን የመጣ ቀን፣ ደም የፈሰሰ ቀን፣ ወይም ከባድ ብረት የተነሳ ቀን ግን ተጨማሪ ኃይል ሲጠየቅ የሚሰጠው የለውም። ልብ መጨመር ሲያቅተው ሳንባ ውሃ ይይዛል፤ ኩላሊትም ደም ይራባል።

«የአባትሽ ኩላሊት ተጎድቷል» አለች።

«ምን ያህል ጊዜ አለው?»

«ቀን አልቆጥርልሽም። ግን ልቡም የደከመበት ሰው ጉበቱ ብቻ ከታመመው ሰው ቀድሞ ነው የሚሸነፈው። የነበረው አጭር ነበር፤ አሁን ከዚያም አጥሯል።» ከዚያ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ከፋይሉ አውጥታ ዘረጋችልኝ። «ተጽፏል እኮ። አየሽ? የልብ አሠራር ጤናማ፣ በእረፍት ላይ።»

በእረፍት ላይ። እነዚያን ቃላት ስተረጉም አይቻቸው ነበር። የተውኳቸው የሠንጠረዡ ዓምድ ጠባብ ስለነበር ነው። ወደ ሁለተኛ መስመር ከወረዱ ሠንጠረዡ ይበላሽብኝ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴም ቢሆን ያን ቀን አልደገምኩትም። ወደ ቤት በሚመልሰኝ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቄ፣ የማስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ ቀይ እስክሪብቷቸው፣ ስለ ዳጣው ቀልዳቸው፣ ደጃፍ ቆመው ስለ መጠበቃቸው። ሐዘን ገና አልመጣም ነበር። ቀድሞ የመጣው ንዴት ነው፤ ንዴቴ ደግሞ እንደ እኔ ሥርዓት ያለው ነው።

አባቴ ሆስፒታል እያለ ሌላ ሰው ሞተ። ሊቀመንበሩ ሦስተኛውን ቀይ ምልክት አደረጉ። «ደንብ ደንብ ነው» አሉ ተባለ። «እጃችን ላይ ያለው ማስረጃ ልቡ ጤናማ ነው የሚል ነው።» ስሙ መውጣቱ በሚቀጥለው እሁድ ስብሰባ ሊጸድቅ ሆነ። አባቴ ቤት ሲመለስ፣ ገና ከባጃጁ ሳይወርድ፣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስሜ አለ?»

«አለ» ብዬ ዋሸሁት።

ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የዕለት ትምህርት ዕቅድ ጻፍኩ። ዓላማ፦ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሊቀመንበሩ ያፍራሉ። መርጃ መሣሪያ፦ የብስክሌት ፖምፓ አንድ፣ የባጃጅ ጎማ አንድ። ዘዴ፦ በተግባር ማሳየት። ምዘና፦ ሦስቱ ምልክቶች ይሰረዛሉ። ጎማውን ባለ ባጃጁ አዋሰኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው «ቲቸር፣ ጥሩ አድርጌ ሞልቼ ነው የማመጣልሽ» አለኝ።

እሁድ ግቢው ሞልቷል። የአባቴ ጉዳይ ሲነሳ ጎማውን እያንከባለልኩ ወደ ፊት ወጣሁ።

«ምንድነው ይሄ? ጋራዥ መሰለሽ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ማስረጃ ነው፣ ጋሼ። ማስረጃ ያምጣ ብለው ነበር። ግን እርስዎ ካልረዱኝ አይሆንልኝም።» ፖምፓውን አቀበልኳቸው። «ፋብሪካ ሙሉ ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰው ነዎት። ይህቺን ትንሽ ይንፉልኝ።»

አንዱ ከኋላ «ይንፉ እንጂ፣ ምን ይፈራሉ!» አለ። ኩሩ ናቸው፤ እንደማይፈሩ ለማሳየት ኮታቸውን አውልቀው ተነሱ። ቱቦውን ከምንም ጋር አላገናኘሁትም። ነፉ። እጀታው ያለ ልፋት ይወጣል ይገባል።

«ከበደዎት?»

«ምን ይከብዳል፣ የሕፃን መጫወቻ ነው።»

«ፖምፓው ልብ ነው። ቱቦው የደም ሥር ነው። አሁን ቱቦው ባዶ ነው፤ የሚገፋው ነገር የለም። የአባቴ ልብ በማሽን ሲታይ እንዲህ ነበር። ጤናማ ነው ተብሎ ይጻፍለት?»

«ይጻፍ!» አሉ ሴቶቹ እየሳቁ።

ከዚያ ቱቦውን ከጎማው ጋር አገናኘሁት። ጎማው ድንጋይ ሆኗል። «አሁን ብረት መጣ። ሃያ ጊዜ ይንፉልኝ፤ እኔ እቆጥራለሁ።»

አንድ። ሁለት። በአምስተኛው ላይ በሁለት እጃቸው ያዙት። በስምንተኛው ባርኔጣቸው ወደቀ። ግቢው ይስቅ ነበር፤ «አይዞዎት ጋሼ፣ በልብዎ ነው በጉበትዎ?» አለ አንዱ። በአሥረኛው ላይ ሳቁ ቀነሰ። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ይታየኛል። በአሥራ አራተኛው ላይ የከንፈራቸው ቀለም ተለወጠ። ያን ቀለም አውቀዋለሁ፤ አመድ ነው። አየሁት። «አሥራ አምስት» አልኩ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ በቃ» አሉኝ። «አሥራ ስድስት» አልኩ። አልቸኮልኩም። በአሥራ ዘጠነኛው እጀታው ከእጃቸው አመለጠና አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

«ይህ የጤነኛ ሰው ልብ ነው» አልኩ። «አባቴ በታመመ ልብ ዳገቱን ወጣ። እርስዎ ደጃፍ ቆመው ጠበቁት።»

ያሰብኩት ሁሉ ሆነ። ከየአቅጣጫው «ይሰረዝ! ምልክቱ ይሰረዝ!» ተባለ። አንዲት አሮጊት «ምን ይጠብቃሉ፣ አንቱ ሰውዬ!» ብለው ጮኹባቸው። ሊቀመንበሩ እየተነፈሱ መዝገቡን ከፈቱ። በሦስቱ ቀይ ምልክቶች ላይ መስመር አሰመሩ፣ ከአጠገቡ «በሕመም የተፈቀደለት» ብለው ጻፉ። ሁሉንም አንገቴን አስግጌ ተከታተልኩ። ጣፈጠኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከዚያ ከመዝገቡ መካከል አንድ ወረቀት አወጡ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ነው። ሳይታጠፍ እንደሰጠኋቸው ነው።

«ልብ፦ ጤናማ» ብለው አነበቡ፤ በዝግታ፣ ትንፋሻቸው እየተቆረጠ። «ይህ የማን ጽሑፍ ነው፣ ልጄ?»

ቲቸር አላሉኝም። ሁሉም እኔን ያያል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «ተሳስቻለሁ ማለት ነውር አይደለም» እላቸዋለሁ። ያን ቀን እኔ አላልኩትም። ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩ፣ አራት አጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፣ ጎማዬን እያንከባለልኩ ወጣሁ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ለአባቴ ስነግረው ስለ ወረቀቱ ዘለልኩት። ፖምፓውን ስነግረው ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው። «ሽማግሌውን? ጎማ አስነፋሻቸው?» አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «እሳቸው እኮ በጉልበታቸው ዘመን ማሽን ሲወድቅብኝ ያወጡኝ ሰው ናቸው» አለ።

አላውቅም ነበር። ማወቅም አልፈለግኩም።

«ስሜ አለ?»

«አለ። አሁን በእውነት አለ።»

«እንግዲያው በቃ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ለእሱ በቅቶታል። ለእኔ አልበቃኝም።

ሐምሌ ሲገባ አረፈ። ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበውኛል። ዝናቡ ሌሊቱን ስለወረደ ዳገቱ ጭቃ ነው። ብረቱ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ሲመጣ አየሁ። የመጀመሪያውን ምሰሶ ከፊት በኩል የያዙት ሊቀመንበሩ ነበሩ። መዝገቡ በእጃቸው የለም። ያለ ኮት፣ ያለ ባርኔጣ፣ ቱቦውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጭቃው እግራቸውን እየያዘባቸው ይወጣሉ። ከኋላ የያዘው ሰው ቁመቱ ረዘም ያለ በመሆኑ ክብደቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ነበር። መሐል ላይ ቆሙ። ዳግም ተነሱ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት እናት ክንዴን ያዙኝ። «ኧረ ልጄ፣ ሰውየው ደከሙ። ይተዉት በያቸው፣ አንቺን ነው የሚሰሙት።»

ቦርሳዬ ውስጥ ያ ወረቀት አሁንም ነበር። «በእረፍት ላይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በኋላ ጨምሬበታለሁ፤ በጠባቡ ዓምድ፣ በደቃቅ ጽሑፍ።

«ልባቸው ጤናማ ነው» አልኩ።

ደረሱ። ምሰሶውን ጉድጓዱ ውስጥ አቆሙ፣ አፈሩን በእግራቸው ረገጡ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ውሃ ሰጣቸው። ከንፈራቸውን ከሩቅ አየሁት፤ አመድ ነበር፤ ከዚያ ቀስ እያለ ቀለሙ ተመለሰ። ብርጭቆውን መለሱ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ፣ ሁለተኛውን ብረት ለማምጣት ተነስተው ቁልቁል ሄዱ።

ምንም አልሆኑም።